መንግሥት ሸሪክ ሲሆን

ባንክ የሚያበድረው እንደሚመለስለት ሲያምን ነው። ቤት ወይም መኪና አስይዙ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ንግዱ ቢከስር ማስያዣውን ሸጦ ሒሳቡን ያወራርዳል። አዲስ ሐሳብ ይዞ የተነሳ፣ ወይም አሥር ሠራተኛ ይዞ ወደ ሃምሳ ማደግ የሚፈልግ ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ የሚያስይዘው የለውም። ለብድርና ቁጠባ ተቋም ይተልቃል፣ ለባንክ ደግሞ ያንሳል። በብዙ አገሮች መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ የሚያቋቁመው ወይም በግል ፈንድ ውስጥ ገንዘብ የሚያስገባው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

እንዲህ ያለው ፈንድ አያበድርም። ገንዘቡን ሰጥቶ አክሲዮን ይወስዳል፤ ወለድም ወርኃዊ ክፍያም አይጠይቅም። ድርጅቱ ከከሰረ የፈንዱም ገንዘብ አብሮ ይቀልጣል። ካደገ ግን ፈንዱ ከዓመታት በኋላ ድርሻውን በውድ ይሸጣል። ገንዘቡን በብዙ ድርጅቶች ላይ የሚያከፋፍለውም ጥቂቶቹ አድገው የከሰሩትን እንዲያካክሱ ነው።

እንግዲህ የሕዝብ ገንዘብ እዚህ ውስጥ ሲገባ ኪሳራውን ማን ይሸከም? ትርፉንስ ማን ይውሰድ? የፈንዱ ዕጣ የሚወሰነው በዚህ ስምምነት ነው ብዬ አምናለሁ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ተቃራኒ መንገዶችን በተከታታይ ስለሞከረች፣ ልዩነቱ እዚያ ጎልቶ ይታያል።

በዚያን ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት የፈለሱ ብዙ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ወደ አገሪቱ ገብተው ነበር። ሙያ ሞልቷል። የጎደለው ሥራቸውን ለገበያ የሚያበቃ ገንዘብና የውጭውን ገበያ የሚያውቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 መንግሥት ኢንባል በተባለ የመድን ድርጅት በኩል ዋስትና መስጠት ጀመረ፤ በቴል አቪቭ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ፈንድ ቢከስር እስከ 70 በመቶ ድረስ መንግሥት ይደርስለታል። በ100 ሚሊዮን የተጀመረ ፈንድ ወደ 40 ቢወርድ፣ መንግሥት 30 ጨምሮ 70 ያደርሰዋል እንደማለት ነው። ጥቂት ፈንዶች ተቋቋሙ፤ ውጤታቸው ግን ደካማ ሆነ። ኪሳራው የተሸፈነለት ሥራ አስኪያጅ ድርጅቶቹን ተከታትሎ ለማሳደግ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ዋስትናው ከውጭ ገበያ ጋር የሚያገናኝ ባለሙያም አላመጣም።

በማግሥቱ ዓመት ዮዝማ የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም መጣ። የንድፉ ዋና ሰው የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ዋና ሳይንቲስት የነበሩት ይጋል ኤርሊክ ናቸው። መንግሥት የመደበው 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ 20 ሚሊዮኑ በቀጥታ በድርጅቶች ላይ ዋለ፤ ቀሪው ለአሥር የግል ፈንዶች፣ ለእያንዳንዳቸው 8 ሚሊዮን ያህል ተከፋፈለ። ገንዘቡን የፈለገ ፈንድ አንድ የአገር ውስጥ የፋይናንስ ተቋምና አንድ ልምድ ያለው የውጭ ባለሀብት ይዞ መምጣት፣ ከጠቅላላውም 60 በመቶ የሚሆነውን ከራሱ ማዋጣት ነበረበት። የኪሳራ ዋስትና የሚባል ነገር የለም። በምትኩ የግል ባለሀብቶቹ በአምስት ዓመት ውስጥ የመንግሥትን ድርሻ በገባበት ዋጋና በወለዱ የመግዛት መብት ተሰጣቸው።

በቁጥር እንየው። ፈንዱ 20 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል፤ 8ቱ የመንግሥት፣ 12ቱ የግል። ሁሉም ቢጠፋ ሁለቱም ያዋጡትን ያጣሉ። ፈንዱ አድጎ 60 ሚሊዮን ቢደርስ ግን፣ በተራ ሽርክና መንግሥት 24 ሚሊዮን ይደርሰው ነበር። በዮዝማ ውል ባለሀብቱ የመንግሥትን ድርሻ ከ8 ሚሊዮኑና ከወለዱ ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ ገዝቶ የቀረውን ዕድገት ለራሱ ያስቀራል።

ይህ የሕዝብን ትርፍ ለሀብታም መስጠት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የእኔ መልስ አይደለም ነው። መንግሥት ትርፉን የሚተወው ትርፍ ሲኖር ብቻ ነው። ከፈንዱ የሚፈልገውን ሥራና ግብር ደግሞ ካደጉት ድርጅቶች ያገኛል፤ ዋናው ገንዘቡም ይመለስለታል። ዋስትና ሲሰጥ ግን ካዝናው የሚከፈተው ነገሩ ሲበላሽ ነው። አብዛኞቹ የዮዝማ ፈንዶች በመግዛት መብታቸው ተጠቅመዋል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 የያዘውን ሸጦ ወጣ። በዚያ ዘመን የተወለዱ እንደ ጄቪፒ ያሉ ፈንዶች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

ንድፉን ብቻ መቅዳት ግን አይበቃም። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመሳሳይ የመግዛት መብት ያለው ፈንድ ብታቋቁምም የእስራኤልን ያህል አልሆነላትም። እስራኤላውያኑ ድርጅቶች በቴክኖሎጂው ግርግር ዘመን በኒው ዮርኩ የአክሲዮን ገበያ ናስዳክ ላይ አክሲዮን መሸጥ ችለው ነበር። ፈንድ የሚኖረው ድርሻውን በመሸጥ ስለሆነ ገዢ ከሌለ ትርፉ ወረቀት ላይ ይቀራል። በኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ፈንድ ገንዘቡን ከድርጅት መልሶ የሚያወጣበት ቦታ ሲያጣ ለኖረ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ገዢና ሻጭ በብዛት እስኪገናኙበት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

የዱቄት ወፍጮ ወይም የእንጨት ሥራ ያለው ሰውስ? እንዲህ ያለ ድርጅት በአምስት ዓመት አሥር እጥፍ ስለማያድግ የአክሲዮን ፈንድ አያየውም። ባለቤቱም ድርሻውን ለማያውቀው ሰው መስጠት ላይፈልግ ይችላል። ለእሱ የሚሻለው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሚሰጠው ዓይነት የሊዝ ፋይናንስ ይመስለኛል። ደንበኛው ከወጪው 20 በመቶ ሲያዋጣ ባንኩ 80 በመቶውን ችሎ ማሽኑን ይገዛል፤ ክፍያው እስኪያልቅ ማሽኑ የባንኩ ንብረት ስለሆነ ቤት ማስያዝ አያስፈልግም። ማሽኑ ተተክሎ ጥሬ ዕቃ መግዣ የሚታጣበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት የጥሬ ዕቃ፣ የደመወዝና የመብራት ወጪ ከየት እንደሚያመጣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ያስላ፤ ባንኩንም በግልጽ ይጠይቅ።