በበልግ ዕረፍት ዓሣው የት ይገኛል?

ሁዳዴ ተፈትቶ የትንሣኤ በዓል ሲደርስ ተማሪውም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ጥቂት የዕረፍት ቀን ያገኛል። በዚህ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ወላጆቻቸውንና ሕፃናቱን ይዘው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚያርፉ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም መካከል መንጠቆና ክር የሚይዙ አይጠፉም። ሐይቁ ዳር እንደ ደረሱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ዓሣው የት ነው?» የሚል ነው።

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነዋሪው የደበቀው አንድ የምሥጢር ቦታ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ዓሣ ያለበት ቦታ የሚታወቀው የዓሣውን ኑሮ በማወቅ ነው። ኑሮውንም ያወቀ ሰው መንጠቆውን የሚጥልበትን ብቻ ሳይሆን የማይጥልበትንም ቦታ ይለያል። በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት የምንፈልገው ይኽንኑ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙ አያልፍም። ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። በውስጡ ስድስት ዓይነት ዓሦች ሲኖሩ፣ ለገበያ በብዛት የሚቀርቡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ሐይቁ ከሌላ ሐይቅ ጋራ የሚያገናኘው ወንዝ ስለሌለው ከውስጡ የተወሰደው ዓሣ የሚተካው እዚያው በሚፈለፈለው ብቻ ነው። ይኽን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ዕፀዋት ነው። ነፋስ እነዚህን እየገፋ ወደ አንደኛው ዳርቻ ሲያከማቻቸው ዓሣውም ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ በሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ አስቀድሞ ይመልከት። ቀጥሎም ፊላውና ቄጠማው የሚያልቅበትን፣ ውኃው ድንገት የሚጠቁርበትን መስመር ይፈልግ። የውኃው መጥቆር ጥልቀቱ መጨመሩን ያመለክታል፤ ዓሣውም ከጥልቁ ወጥቶ ለምግብ የሚመላለሰው በዚህ ጠርዝ ነው። አምባዛ ግን ከታች በጭቃው ላይ የሚኖር፣ ይልቁንም ሲጨልም የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ክሩ ላይ እርሳስ አሥሮ እስከ ወለሉ ማውረድ ያስፈልጋል። ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ሰዎች ብዙ ናቸውና ከመያዙ በፊት ቤተ ሰብን መጠየቅ መልካም ነው።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ስለሚያይል የጧቱ ጊዜ ይመረጣል። ሆኖም ጉማሬዎች ሌሊት ሣር ሲግጡ አድረው ጎሕ ሲቀድ ወደ ውኃው ስለሚመለሱ፣ ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ ከሕፃናት ጋራ በቄጠማው አጠገብ መቆም አደገኛ ነው። በጀልባ የሚሄድም ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ሳያረጋግጥ አይሳፈር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አስተማሪ ግን ዓሣ አጥማጁ ነው። ጧት በአሞራ ገደል ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ አባ ኮዳዎቹ ፍርፋሪ ሲጠባበቁ፣ የዚያን ዕለት ምን ዓይነት ዓሣ እንደ ወጣ በዓይን ይታያል። ዲፕሎማና ዲግሪ የያዘ ወጣት ወደዚያ ሲሄድ ዕውቀቱን ለማሳየት አይቸኩል። «እንደ ምን አደሩ አባባ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ ሰላምታ ያቅርብ፤ ለምሳው የሚሆን ዓሣ ይግዛ፤ ከዚያ በኋላ ይጠይቅ። በዚህ ሐይቅ ላይ ልጆቹን ያሳደገ ሰው በየትኛው ወር ውኃው በየት በኩል እንደሚሻል ከማንም ይልቅ ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመለስ። የቆሮሶ ወንዱ በጥልቀት አልባው ዳርቻ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቲቱም ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ሰብስባ ትይዘዋለች፤ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ አደጋ ባዩ ቁጥር ወደ አፏ ይሸሻሉ። ከእናታቸው ሲለዩ መሸሸጊያቸው የፊላው ሥር ነው። ስለዚህ ዓሣ የበዛበት መስሎ የሚታየው የፊላው ውስጥ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ቀዳዳው የጠበበ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚያወጣው የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ነው። በጣና ሐይቅም ነገሩ ይመሳሰላል፤ አንዳንዶቹ የቢልጫ ዓይነቶች በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ሲወጡ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ በቀላሉ የሚያዙበትም ስፍራ ይኸው ነው።

እንግዲህ ለዕረፍት የሄደ ሰው ከፊላው ውጭ ባለው ጠርዝ ያጥምድ፤ ወደ ውስጡ አይግባ። ከአንድ ስንዝር ያነሰውን ቆሮሶ እጁን በውኃ አርጥቦ በቀስታ ይመልሰው፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፋልና። የተበጠሰውንም የናይሎን ክር የወፎች እግር እንዳይታሠርበት ጠቅልሎ ይውሰድ። በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ስላለም፣ ፈቃድ ማስፈለግ አለማስፈለጉን በአካባቢው ከሚገኘው የግብርና መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ይኽን ምክር ግን በየሐይቁ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ለምሳሌ ጫሞ አዞ የሞላበት በመሆኑ በዳርቻው ቆሞ ክር መጣል ለሕይወት ያሰጋል። የየሐይቁን ጠባይ የሚያውቀው ነዋሪው ነው።

በአዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጦ ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ደብዳቤ የሚያረቅ ወጣት ሹም ብዙ ነው። በበልግ ዕረፍቱ አንዲት ትንሽ ቆሮሶ ከመንጠቆ አላቅቆ ወደ ውኃው ሲመልስ ታናሽ ወንድሙ አይቶ «ለምን ለቀቅኸው?» ቢለው፣ የሚሰጠው መልስ ከዚያ ደብዳቤ ይልቅ ሥራ ይሠራል።