ኃይሌ ሪከርድ በሰበረባት በርሊን አልጋ ፍለጋ

በርሊን ለእኛ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ ከ2006 እስከ 2009 ለአራት ተከታታይ ዓመታት ማራቶኗን አሸንፏል። መስከረም 2000 ዓ.ም ላይ እኛ እዚህ ሚሊኒየሙን ተቀብለን ገና ሳንጠግብ፣ ኃይሌ እዚያ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። በዓመቱ ደግሞ በመስቀል ማግስት 2፡03፡59 ሮጦ የገዛ ራሱን ሪከርድ አሻሻለው። ቀነኒሳ በቀለ በ2016 እና በ2019 እ.ኤ.አ አሸንፎባታል፤ በሁለተኛው ድሉ 2፡01፡41 ሲገባ የዓለም ሪከርድ ያመለጠው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በ2፡11፡53 ዓለምን አስደንቃባታለች። በ2024 ሚልኬሳ መንገሻ በወንዶች፣ ትዕግስት ከተማ በሴቶች ሁለቱንም ዋንጫ ጠራርገው መጥተዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ድል በቴሌቪዥን ያየ የስፖርት አፍቃሪ አንድ ቀን በአካል ተገኝቼ ባየሁት ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም። ሩጫውን ቆሞ ለማየት ትኬት የለም፣ መንገድ ዳር መቆም በነጻ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ማደሪያው ነው። ስለ ሰዓቱና ስለ ሪከርዱ እኛ ጋዜጠኞች ብዙ ጽፈናል፤ የት ይታደራል የሚለውን ግን ማንም አንስቶት አያውቅም። ትልልቆቹ አትሌቶች በአዘጋጁ ሆቴል ያርፋሉ። በራሱ ገንዘብ የሚመጣው ሯጭ፣ ባንዲራ ይዞ የሚመጣው ደጋፊና አበሉ ያነሰ ጋዜጠኛስ?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሦስተኛው ወገን ውስጥ ነው።

“በጥምቀት ጎንደር አልጋ ታገኛለህ?”

ነገሩ ወዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማራቶኑ ወደ በርሊን ስሄድ ካርድ ስላልነበረኝ፣ ዋሽንግተን የሚኖር የአጎቴ ልጅ በራሱ ካርድ አንድ ሆስቴል ውስጥ አልጋ ያዘልኝ። ዋጋው ርካሽ ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ደረስኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ፓስፖርቴን አየችና “የከፈልክበት ካርድ?” አለችኝ። ካርዱ ዋሽንግተን ነው አልኳት። በካርዱ ላይ ያለው ስምና የፓስፖርቴ ስም ካልተመሳሰለ ቁልፍ አልሰጥም አለች። የአጎቴን ልጅ ብደውልለት ስልኩን አያነሳም። ገንዘቡ እንዳይመለስ ሆኖ የተከፈለ ስለነበር እሱም ቀረ፣ አልጋውም ቀረ።

ከዚያ በኋላ አራት ቦታ ጠየቅሁ። ሁሉም ሙሉ ነው። ሲመሽ የያዝኩትን ሻንጣ ይዤ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባሁና ብቻዬን ተክዤ ስበላ፣ ከጎኔ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው “ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና፣ “የማራቶን ዋዜማ መጥተህ ነው አልጋ የምትፈልገው? በጥምቀት ጎንደር ሄደህ አልጋ ታገኛለህ?” አሉኝ። “ጋሼ፣ ይዤ ነበር እኮ” አልኳቸው። “የማይመለስ ገንዘብ ከፍለህ በሰው ካርድ የያዝከውን ይዣለሁ አትበል” አሉና ስልካቸውን አውጥተው እዚህም እዚያም ደወሉ። በመጨረሻ በምስራቅ በርሊን በሊሽተንበርግ ስምንት ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ተገኘ። ካሰብኩት ብዙ አስወጣኝ።

ጋሼ ያሉኝን ግን አልረሳሁም። የበርሊን ማራቶን ሳምንት ማለት የበርሊን ጥምቀት ነው። ርካሽ ማለትም መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ቁጥር አይደለም።

አልጋ የሚወደደው ለምንድን ነው?

ውድድሩ በ1974 እ.ኤ.አ ሲጀመር የተመዘገቡት 286 ሯጮች ብቻ ነበሩ። በ2024 በተካሄደው 50ኛው ውድድር ከ54 ሺህ በላይ ሯጮች ጨርሰዋል። ሯጩ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ ጓደኛ፣ አሰልጣኝ አብሮት አለ። ሁሉም አርብና ቅዳሜ ማታ ማደር ይፈልጋል።

በዚህ ላይ መስከረም የኤግዚቢሽን ወቅት ነው። ለምሳሌ ኢኖትራንስ የሚባለው የባቡር ኢንዱስትሪ ትልቅ ኤግዚቢሽን በየሁለት ዓመቱ በርሊን ላይ ይካሄዳል፤ በ2024 ከማራቶኑ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የዋለው። ኩባንያ የሚከፍልለት ነጋዴና ከኪሱ የሚከፍል ሯጭ ለአንድ አልጋ ሲሻሙ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አያቅትም።

ቀኑም በየዓመቱ አንድ አይደለም። በ2024 ሴፕቴምበር 29፣ ማለትም መስከረም 19 ቀን ነበር። በ2025 ግን ሴፕቴምበር 21 ላይ ስለዋለ በእኛ መስቀል ሳይደርስ መስከረም 11 ቀን ተካሄደ። ስለዚህ ቀኑን ከአዘጋጆቹ ሳያረጋግጡ አልጋ መያዝ አይገባም። የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። መስከረም 19ን ሴፕቴምበር 19 አድርጎ ያስያዘ ሰው፣ ሩጫው ከመድረሱ በፊት አልጋው ያልቅበታል። ሰዓቱም ያው ነው። የማስያዣ ወረቀቱ ላይ 15 ሰዓት የሚለው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑ ነው።

ሆስቴል፣ ፔንሲዮን ወይስ ሆቴል?

ሆስቴል የሚባለው ነገር የተጀመረው እዚያው ጀርመን ነው። ሪቻርድ ሺርማን የሚባል አስተማሪ ተማሪዎቹን በእግር ጉዞ ይዞ ሲዞር ማደሪያ ቢቸግረው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአልቴና ከተማ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ የወጣቶች ማደሪያ ከፈተ። ዛሬም የጀርመን የወጣቶች ማደሪያ ማህበር በበርሊን ቤቶች አሉት፤ በእነዚህ ለማደር የአባልነት ካርድ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ የግል ሆስቴሎች ሞልተዋል። ሜይኒንገርና ኤ ኤንድ ኦ የተባሉት ሰንሰለቶች ሥራቸውን የጀመሩት በርሊን ውስጥ ነው፤ ሁለቱም በዋናው የባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ቤት አላቸው። ከዚያ ተነስቶ ማራቶኑ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት አካባቢ በእግር ይደረሳል።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ዶርም ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ተደራራቢ አልጋ፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል፣ ሻወርና ሽንት ቤት በጋራ። የሚከፈለው ለክፍሉ ሳይሆን ለአልጋው ነው። ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል ያላቸው አሉ። ብዙዎቹ ሎከር ይሰጣሉ፤ ቁልፉን ግን አንዳንዱ ቤት እንግዳው ራሱ ይዞ እንዲመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ ከመርካቶ አንድ ጓጉንቸር ገዝቶ መሄድ ብልህነት ነው። አንሶላና ፎጣ በዋጋው ውስጥ ይሁኑ አይሁኑ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኩሽና ያለው ቤት ከተገኘ ደግሞ ፓስታ ቀቅሎ መብላት ስለሚቻል የምግብ ወጪው ይቀንሳል።

ፔንሲዮን የሚባሉት አነስተኛ የቤተሰብ ማደሪያዎች ናቸው። “ሆቴል ጋርኒ” የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ ቁርስ እንጂ ምሳና እራት የሌለበት ሆቴል ነው። ኢቢስ በጀት፣ ቢ ኤንድ ቢ እና ሞቴል ዋን የመሳሰሉት ሆቴሎች የራስ ክፍልና ሻወር በመጠነኛ ዋጋ ይሰጣሉ። ሁለት ጓደኛሞች ካላችሁ ሂሳቡን ሥሩት። የሆስቴል አልጋ እጥፍ ዋጋና የአንድ ባለሁለት አልጋ ክፍል ዋጋ በጣም የሚቀራረብበት ጊዜ አለ።

የከተማ ግብር የሚባልም ነገር አለ። በርሊን ከ2014 እ.ኤ.አ ጀምሮ በማደሪያ ላይ ግብር ታስከፍላለች፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከ5 ወደ 7.5 በመቶ ከፍ ብሏል። በ100 ዩሮ ላይ 7 ዩሮ ከ50 ሳንቲም መሆኑ ነው። ዋጋው ውስጥ ተካትቶ እንደሆነ ካልጠየቃችሁ ቁልፍ ስትቀበሉ ድንገት ትደነግጣላችሁ።

መሐል ከተማ ወይስ ዳር?

አንዳንድ ሰው ማራቶኑ ከብራንደንበርግ በር አጠገብ ነው ተብሎ እዚያው ለማደር ይሟሟታል። የሚወደደውም እሱ ሰፈር ነው። በርሊን ግን የባቡር ከተማ ናት። ከተማዋን እንደ መቀነት የሚዞር ባቡር አለ፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ ወይም ጥግ ላይ ጣቢያ አጠገብ ያደረ ሰው አይቸገርም። ኦስትክሮይዝ ከሚባለው ጣቢያ ዋናው የባቡር ጣቢያ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው የሚፈጀው። ቬዲንግ፣ ኖይኮልን፣ ሊሽተንበርግ መፈለግ ያዋጣል። ፍሪድሪሽስሃይን ሆስቴል ይበዛባታል፣ ጭፈራ ቤትም ይበዛባታል። ለደጋፊ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለሚሮጥ ሰው ግን አይመከርም።

እሑድ ጠዋት ብዙ መንገድ ስለሚዘጋ በታክሲና በአውቶብስ መተማመን አይቻልም። ደግነቱ አርብና ቅዳሜ ሌሊት የከተማዋ ባቡሮች ሌሊቱንም ይሠራሉ። ስለዚህ አልጋ ስትመርጡ ብራንደንበርግ በር ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል ከማለት፣ ባቡር ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከ2020 ጀምሮ የሚያገለግለው አውሮፕላን ማረፊያ በሲ ዞን ስለሆነ ኤ፣ ቢ እና ሲ ያለበትን ትኬት መቁረጥ ያስፈልጋል። ትኬቱ ማህተም የሚፈልግ ከሆነ ባቡር ከመግባታችሁ በፊት አስመቱት። ያለ ትኬት የተያዘ 60 ዩሮ ይቀጣል፤ በአልጋ ያተረፋችሁት እዚያ ያልቃል።

ለደጋፊ ሌላ ጥቅምም አለ። ሩጫው በክሮይዝበርግ፣ በኖይኮልንና በሾነበርግ ያልፋል። እዚያ ያደረ ሰው ቁርሱን በልቶ፣ ባንዲራውን ይዞ፣ ከበሩ ብዙ ሳይርቅ ልጆቻችንን ሲያልፉ ያያል።

ቪዛና ካርድ

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ለሼንገን ቪዛ የማደሪያ ማስረጃና ቢያንስ የ30 ሺህ ዩሮ የጤና ዋስትና ይጠየቃል። የማመልከቻው ክፍያ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል። የአውሮፓ ህብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ቪዛው ሳይታወቅ አልጋው መያዝ አለበት። በጣም ርካሽ ሆነው የሚታዩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ የማይመልሱት ናቸው። ቪዛው ቢከለከል አልጋውም የማመልከቻውም ገንዘብ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት ዩሮ ቢጨምርም ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን፣ ሲደርሱ የሚከፈልበትን ያዙ። እስከ መቼ መሰረዝ እንደሚቻልም ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዘመድ በካርዱ የሚከፍልላችሁ ከሆነ፣ ካርዱ ሳይቀርብ እንደሚቀበሏችሁ ከቤቱ በጽሑፍ ማረጋገጫ አምጡ። ወረቀቱን በስልክ ብቻ ሳይሆን አትማችሁ ያዙት። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያን አርብ ማታ ሻንጣ እየጎተትኩ አልዞርም ነበር።

ለሚሮጠው

በሊሽተንበርጉ ክፍል ውስጥ ከእኔ በላይ የተኛው ከፖላንድ በራሱ ገንዘብ የመጣ ሯጭ ነበር። ቅዳሜ ሌሊት አንዱ ያንኮራፋል፣ ሌላው ከጭፈራ ይመለሳል፣ መብራት ይበራል፣ በር ይንኳኳል። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ በጨለማ ጫማውን ሲያስር ዓይኑ ቀልቶ ነበር። “ስንት ሰዓት ተኛህ?” አልኩት። ሁለት ጣቱን አሳየኝ። ለዚህ ቀን ስንት ወር ሲዘጋጅ የከረመ ሰው ነው።

ስለዚህ የምትሮጡ ከሆነ ሌላውን ቀን ዶርም እደሩ፤ ቅዳሜ ማታን ግን የራሳችሁን ክፍል ያዙ። አቅም ካልፈቀደ አራት ሰው የሚተኛበትን፣ ከታች ያለውን አልጋ ጠይቁ፤ የጆሮ መድፈኛ አትርሱ። ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሚጀመርም ጠይቁ፤ ፊተኞቹ በበርሊን ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ15 ላይ ስለሚነሱ ሯጩ ቁርሱን ገና በማለዳ መጨረስ አለበት። እሑድ ከክፍል የምትለቁ ከሆነ ደግሞ ሻንጣ ማስቀመጫ እንዳላቸው አረጋግጡ። ብዙ ቤት ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ልቀቁ ይላል፤ ያኔ እናንተ ገና ኪሎ ሜትር ትቆጥራላችሁ።

በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን ለመውሰድ ስመለስ ፖላንዳዊው ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ ወስዶታል። የሚያስነሳውም ሰው አልነበረም። እንግዳ ተቀባዩ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በል አለኝ።

ለከርሞ በርሊን የምትሄዱ፣ አልጋችሁን ከወዲሁ። መልካም ጉዞ!