የልብ ትርታ ቈጣሪ ሰዓትና የቤተ ሰብ ማኅበር

(በሬዲዮ ከተነገረው)



ጎሕ ሲቀድ ከየካ በላይ ወዳለው ጋራ፣ ከዚያም አልፎ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው በባሕር ዛፉ መካከል ሯጮች ተከታትለው ሲያልፉ ያያል። ከእነርሱም የብዙዎቹ እጅ ላይ ሰዓት አለ። ይህ ሰዓት ጊዜን ብቻ የሚናገር አይደለም፤ የልብን ትርታ ይቈጥራል፣ እርምጃን ይደምራል፣ ሌሊት የተኙበትን ሰዓት ይመዘግባል፣ አንዳንዱም በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን እናገራለሁ ይላል። እንግዲህ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ይህን የመሰለ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ እናቋቁም ቢል ምን ያስፈልገዋል? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው። ነገሩ ከሕልም የተወሰደ እንዳይመስላችሁ፣ በቤተ ሰብ እጅ ስለ ቆየ አንድ እንዲህ ያለ ኩባንያ አስቀድመን እንናገራለን።

በፊንላንድ አገር በስተ ሰሜን፣ ኡሉ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ኬምፔሌ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በኡሉ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ መምህር የነበሩት ሴፖ ሳይናያካንጋስ በበረዶ ላይ መንሸራተት ይወዱ ነበርና አንድ ጊዜ ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ሲነጋገሩ አሠልጣኙ ችግሩን አጫወታቸው። ስፖርተኛው በሥራ ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ በትክክል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስፖርተኛውን አስቁሞ በጣት የእጁን ሥር ይዞ ቢቈጥር፣ ሩጫው በቆመ ጊዜ ልብም ወዲያው መርጋት ስለሚጀምር ቍጥሩ ያሳስታል። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር የልብን ኤሌክትሪክ በሬዲዮ ለማስተላለፍ ችሎ ነበር፤ ሆኖም መሣሪያው በጀርባ የሚታዘል፣ ክብደቱም 38 ኪሎ ያህል ነበር። ይህንን አዝሎ እንጦጦን የሚወጣ ሯጭ ከየት ይገኛል?

ሳይናያካንጋስ እ.ኤ.አ. በ1977 ፖላር ኤሌክትሮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1979 ያለ ሽቦ የልብን ትርታ ለመለካት ለሚያስችለው ዘዴ የፈጠራ መብት ጠየቁ። በ1982 ከደረት መታጠቂያ ወደ እጅ ሰዓት ቍጥር የሚልከውን መሣሪያ ለገበያ አወጡ። ከምሥረታው እስከዚህ ሥራ ድረስ 5 ዓመት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ2018 እስካረፉ ድረስም ኩባንያው ከቤተ ሰቡ እጅ አልወጣም። በአንጻሩ ጆቦን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከባለ ገንዘቦች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዶላር ሰብስቦ የእጅ አንባር ሲሠራ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ። በ2007 የተቋቋመው ፊትቢትም በ2021 መጀመሪያ ላይ በጉግል እጅ ገባ። በእኔ አስተያየት የቤተ ሰብ ኩባንያ ዋና ሀብቱ ትዕግሥቱ ነው፤ ገንዘቤን በሦስት ዓመት እጥፍ አድርገህ መልስ የሚል ባዕድ በበሩ ላይ አይቆምበትም። ቤተ ሰብ ሁሉ ታጋሽ ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

መሣሪያ መሥራት አንድ ነገር ነው። መሣሪያው የሚናገረው ቍጥር እውነት መሆኑን ማስረዳት ግን ሌላ፣ ከዚያም እጅግ የከበደ ነገር ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ከእኛው ከአበበ ቢቂላ ጋር የተዛመደ ታሪክ አለ። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ፣ ትርፍ አንጀቱ ተቀድዶ ከወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጸመ። ሩጫውንም ጨርሶ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ሁሉ አየው። ያ ኦሊምፒክ በጃፓን አገር የስፖርትን ፍቅር አነሣሥቶ ነበርና፣ በማግሥቱ ዓመት ያማሳ የተባለ የቶኪዮ ኩባንያ በወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቍጠሪያ ለገበያ አወጣ። ስሙንም በጃፓንኛ «የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» አለው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየሰዓቱ ላይ የሚታየው 10,000 እርምጃ የተወለደው ከዚህ የንግድ ስም እንጂ ከሐኪም ምርመራ አልነበረም። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ 16,741 አረጋውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ሲወጣ፣ በቀን 4,400 እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት አደጋቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ጥቅሙም 7,500 ገደማ ሲደርስ ከዚያ በላይ አልጨመረም። አንድ ቍጥር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያለ ማስረጃ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መሣሪያው ውስጥ እንግባ። የደረት መታጠቂያው ልብ በምትመታበት ጊዜ የምታወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ በቆዳ ላይ ይቀበላል፤ ስለዚህም ብዙ አይሳሳትም። በእጅ የሚታሰረው ሰዓት ግን በብርሃን ነው የሚሠራው። ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል። ደም አረንጓዴውን ብርሃን ይውጣልና፣ ልብ በመታች ቍጥር ደም ወደ እጅ ሲመጣ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ያንሳል፤ በምቶቹ መካከል ደግሞ ይበዛል። ሰዓቱ ይህንን ማነስና መብዛት ቈጥሮ የልብ ትርታ ይለዋል። ዘዴው ረቂቅ ቢሆንም በቀላሉ የሚታለል ነው። ሯጩ እጁን ሲያወዛውዝ ሰዓቱ በቆዳው ላይ ይንቀሳቀስና የእጁን ውዝዋዜ ከልቡ ትርታ ጋር ይቀላቅለዋል። ሯጭ በደቂቃ 170 እና 180 ጊዜ ይረግጣል፤ የልቡም ትርታ በዚያው አቅራቢያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱ እግሩን እየቈጠረ ልብህን ቈጠርሁ ሊለው ይችላል። በማለዳ ብርድም ደም ከቆዳ ስለሚሸሽ ምልክቱ ይደክማል። የእንጦጦ ማለዳ ብርዱንም ውዝዋዜውንም አቀበቱንም በአንድነት የያዘ በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ሰዓት ከባድ ፈተና ነው። ለአዲስ ኩባንያ ግን ከቤቱ አጠገብ የተገኘ የመፈተኛ ስፍራ ነው።

የቆዳ ቀለምስ? በዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት የልብ ትርታን በመቍጠር ረገድ በቆዳ ቀለም ምክንያት ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ይልቁንም ሰው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ስሕተቱ ካረፈበት ጊዜ በአማካይ በ30 በመቶ ከፍ ማለቱን አመለከተ። የኦክሲጅን ልኬት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ሐኪሞች እንዳስታወቁት፣ የጣት መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ጊዜያት ከደም ቧንቧ የተቀዳው ደም ሲመረመር እውነተኛው መጠን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች ሕሙማን 11.7፣ በነጮች ግን 3.6 በመቶ ጊዜ ነበር። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ በዚሁ በየካ በኩል ያለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የሕሙማኑ ማከሚያ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ በሽታ ጊዜ ኦክሲጅን ለማን ይሰጥ በሚባልበት ሰዓት ሐኪም ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ በጣት ላይ የሚታየው ያ ቍጥር ነው።

ከፍታውም ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ አስደናቂ ነገር አሳተሙ። የእነዚህ ደገኞች ደም የኦክሲጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። ከቆላ ትናንት የመጣ እንግዳ ግን በዚያ ከፍታ ላይ ኦክሲጅኑ ይወርዳል። ታዲያ ሰዓቱ «ኦክሲጅንህ አንሷል» ብሎ የሚጮኸው በማን ልክ ነው? በደገኛው ወይስ በእንግዳው? ልምድ ያለው ሯጭም በዕረፍት ጊዜ ልቡ በደቂቃ 40 ያህል ብቻ ልትመታ ትችላለች፤ ባዕድ ሰንጠረዥ የተጫነበት ሰዓት ይህን ጤነኛ ሰው ታመሃል ሊለው ይችላል። የመሣሪያው ጥቃቅን ክፍሎች ከውጭ መጥተው በዶላር የሚገዙ ናቸው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ሒሳቡ ከብዷል። ስለዚህ የየካ አባዶው ቤተ ሰብ ከውጭ ኩባንያ ጋር በዕቃ ርካሽነት ሊወዳደር አይችልም። በሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኘውና እርሱ ሊያዘጋጀው የሚችለው በዚህ አገር ሰው አካል ላይ የተፈተነ ሰንጠረዥ ነው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ እንናገር። የ1952ቱን የንግድ ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከ2 እስከ 50 አባላት ያሉት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ይፈቅዳል፤ ለቤተ ሰብ የሚስማማውም ይኸው ነው። አባሉ በማኅበሩ ዕዳ የሚጠየቀው ባዋጣው ልክ ነው። ነገር ግን የቤቱ መሶብና የማኅበሩ ሣጥን ከተቀላቀሉ ይህ ጥበቃ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ ምህንድስና የተማረው ልጅም፣ ሒሳብ የምትይዘው እኅትም ደመወዛቸው በወረቀት ሊጻፍ ይገባል። መሣሪያው በሽታ እመረምራለሁ የሚል ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ይሆናል። የሚሰበሰበው የሰው ልብ ትርታም ምስጢር ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶለታል። ታጋሽነቱን ያመሰገንነው ፖላር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጠቃሚዎቹን የሩጫ ካርታ ለሕዝብ ገልጦ በመተዉ በጦር ሰፈር የሚሮጡ ወታደሮች መኖሪያ ሳይቀር ሊታወቅ ችሎ ነበር፤ ካርታውንም ለጊዜው ለመዝጋት ተገድዷል።

በቤተ ሰብ ማኅበር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ግን በሕግ አልተጻፈም። አባት ገንዘቡን አውጥቷል፤ ጎረቤትም ሰዓቱ መቼ ይወጣል እያለ ይጠይቃል፤ ልጅም «አባባ፣ ኦክሲጅኑን ገና በትክክል አይለካምና ያንን ክፍል እናውጣው» ማለት ይኖርበታል። በአገራችን ልማድ ይህንን ለአባት መናገር ቀላል አይደለም። ስለሆነም ሽያጭን የማገድ ሥልጣን ከቤተ ሰቡ ውጭ ለሆነ አንድ ሐኪም በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ቢሰጥ መልካም ይመስለኛል።

ለመጀመሪያው ሥራ ፋብሪካ አያስፈልግም። ሁለት የታመኑ የደረት መታጠቂያዎች፣ የራሳቸው የሙከራ ሰዓት፣ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ የሰጡ ሃያ ያህል ሯጮችና አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃሉ። ጥቁሩም ጠይሙም፣ ደገኛውም ከቆላ የመጣውም ይኑሩበት። በብርድም በፀሐይም፣ በአቀበቱም በቁልቁለቱም ሰዓቱ ከመታጠቂያው ጋር ያልተስማማበት ደቂቃ ሁሉ ሳይደለዝ ይጻፍ። የኦክሲጅኑን ልኬት ግን በጋራው ላይ ማጣራት አይቻልም፤ እርሱ ከደም ቧንቧ በሚቀዳ ደም የሚፈተን ስለሆነ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ተገኝቶ በሆስፒታል ውስጥ በሐኪም እጅ የሚደረግ ነው።