የጫጩት ቀለም ጾታን የሚናገረው መቼ ነው?

ለእንቁላል ርባታ የአንድ ቀን ጫጩት የሚገዛ አርሶ አደርም ሆነ የከተማ ነዋሪ በቅድሚያ የሚያሳስበው ሴቷን ከወንዱ መለየት ነው። በስህተት የተገዛ ወንድ መኖ ሲበላ ይከርምና ኪሳራው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በገበያ “ቡናማዋ ሴት፣ ነጩ ወንድ” ሲባል ይሰማል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ለሁሉም ዝርያ አይሠራም፤ በሚሠራበትም ከአንድ ትውልድ አያልፍም።

ምክንያቱ ያለው ዘረ መሉ ላይ ነው። ወንድ ዶሮ “ዜድ” የሚባሉ ሁለት የጾታ ክሮሞዞሞች አሉት፤ ሴቷ ያላት አንድ ዜድ እና አንድ “ደብልዩ” ነው። እናት ዜዷን የምታወርሰው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ሲሆን፣ ሴት ልጆቿ ዜድን የሚያገኙት ከአባታቸው ነው። አንዳንድ የላባ ቀለም ዘረ መሎች በዚሁ ዜድ ላይ ስለሚገኙ ሴት ጫጩት በእነዚህ ቀለሞች የምትወርሰው አባቷን ነው። ኮሌጅ ሳለን ይህን ትምህርት በወረቀት ላይ ለመረዳት ተቸግረን ነበር፤ የገባን ጫጩቶቹን በእጃችን ስንይዝ ነው።

በሀገራችን የሚረቡት ቦቫንስ ብራውን እና ሎማን ብራውን ለዚህ ማሳያ ናቸው። አባትየው ቀይ ቡናማ፣ እናትየው ደግሞ ቀዩን የሚሸፍን ነጭ ቀለም ያላት ናት። ወንዶቹ የእናታቸውን ነጭ ስለሚወርሱ ሲፈለፈሉ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ሴቶቹ ግን በአብዛኛው ቡናማ ይሆናሉ። ግራ የሚያጋቡት ጀርባቸው ላይ መስመር ያለባቸው ናቸው፤ እነርሱን ልምድ ላለው ባለሙያ መተው ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው አርቢው እነዚህኑ ዶሮዎች እርስ በርስ አዳቅሎ ጫጩት ሲያስፈለፍል ነው። አውራው ከአባቱ ቀዩን፣ ከእናቱ ነጩን ይዟል። ስለዚህ ከሴት ልጆቹም ከወንድ ልጆቹም በአማካይ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቡናማ ይሆናል። ከዚህ ትውልድ የተገኘችን ቡናማ ጫጩት “ሴት ናት” ብሎ መግዛት ዕጣ ከመጣል አይለይም። ሻጩ ራሱ ላያውቀው ስለሚችል ጫጩቶቹ ከየት እንደተፈለፈሉና ወላጆቻቸው ምን እንደሆኑ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

ኮኮክ ከዚህ ይለያል። በደቡብ አፍሪካዋ ፖችፍስትሩም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተገኘው ይህ ዝርያ ጥቁርና ነጭ መስመር የተፈራረቀበት ላባ አለው። መስመሩን የሚያመጣው ዘረ መል ወንዱ ላይ ሁለት፣ ሴቷ ላይ አንድ ነው። በዚህም የተነሳ ወንዱ ጫጩት ፈካ ብሎ አናቱ ላይ ሰፋ ያለ ነጣ ያለ ነጥብ ይታይበታል፤ ሴቷ ጠቆር ትላለች፤ ነጥቧም ትንሽ ነው። ሁለቱም ወላጆች ዘረ መሉን ስለያዙ ዝርያው ከሌላ ጋር እስካልተቀላቀለ ድረስ ልዩነቱ በየትውልዱ ይቀጥላል።

ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ እያልን የምንጠራቸው የሀገር ውስጥ ዶሮዎቻችን ግን ቀለማቸው የተደባለቀ በመሆኑ ጫጩት ሳሉ በቀለም ጾታቸውን መለየት አይቻልም። የ45 ቀን ጫጩት ለሚገዛ ሰው ከቀለም ይልቅ ኩክኒው የተሻለ ምልክት ነው፤ በዚያ ዕድሜ የወንዱ ኩክኒ ከእኩዮቹ ሴቶች ተልቆና ቀልቶ መታየት ይጀምራል።