«እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል፤ ጢስ ያየውስ?

ውድ እናቶች፣ ውድ ሠራተኛ እኅቶች፤ ጢስ ለማዕድ ቤታችን እንግዳ አይደለም። የወተቱ ቅል በወይራ ካልታጠነ እርጎው እርጎ አይሸትም። ጠላ ከመጠንሰሱ በፊትም ጋኑ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ይሁን እንጂ እናቶቻችን ሲያጥኑ የኖሩት ዕቃውን እንጂ ምግቡን አይደለም። ሥጋ ማቆየት ሲፈልጉ በስሱ ዘልዝለው፣ በጨውና በበርበሬ አሽተው፣ በነፋስ አድርቀው ቋንጣ ያደርጉታል።

በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ሥጋውንና ዓሣውን ራሱን በጢስ ማጠን የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ደግሞ ይህንኑ ሥራ ያለ ማገዶ ነበልባል የሚሠራ፣ በኤሌክትሪክ የሚግል የምግብ ማጠኛ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በየግቢያቸው ይገለገሉበታል፤ አልፎ አልፎም ለአገር ቤት ቤተሰብ ስጦታ ሆኖ ይመጣል። ዕቃው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ጠባዩን ሳያውቁ ቢጠቀሙበት ጉዳት አለው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ጎረቤታችን ያጋጠማቸው ነገር ነው።

እኚህ እመቤት ማጠኛውን ያገኙት አሜሪካ ከምትኖር እኅታቸው ነበር። በመጀመሪያው እሑድ አንድ ሙሉ ዶሮ ቀምመው አስገቡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የማጠኛውን የሙቀት መለኪያ ቢያዩ 165 ይላል። «ኬክ የሚጋገረው በዚሁ ሙቀት አይደል? እንግዲህ በስሏል» ብለው አወጡት። ዶሮው ቀይ ዳማ መልክ ይዟል፣ ሽታው መንደሩን አውዷል። ልጆቹም ተሻምተው በሉት። የጭኑ ሥጋ ከአጥንቱ አጠገብ ደም እንደ ቋጠረ የታየው በኋላ ነው። በማግስቱ ሁለቱ ልጆች በተቅማጥና በትውከት ተይዘው ሐኪም ቤት አደሩ።

ስሕተቱ ምን ላይ ነበር? መለኪያው የሚቆጥረው በፋራናይት ነው። 165 ፋራናይት ማለት 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው። ያውም የሣጥኑ አየር ሙቀት እንጂ የሥጋው አይደለም። ዶሮው ጢስ አይቷል፤ እሳት ግን በቅጡ አላየም።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የኤሌክትሪክ ማጠኛ ትንሽ ማቀዝቀዣ የሚመስል ባለ በር የብረት ሣጥን ነው። ከታች እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚግል ሽቦ አለው። ከሽቦው በላይ የእንጨት ስብርባሪ የሚደረግበት ትንሽ ሳህን፣ ከዚያ በላይ የውሃ መያዣ፣ ቀጥሎም ምግቡ የሚደረደርባቸው የሽቦ መደርደሪያዎች ይገኛሉ። ከላይ የጢስ መውጫ ቀዳዳ አለ። እንጨቱ ነበልባል ሳያወጣ እየተቃጠለ ይጨሳል። ውሃው ሙቀቱን ያረጋጋል፣ ሥጋውም እንዳይደርቅ ይረዳል። ሙቀቱ በተፈለገው ልክ ሲደርስ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ ሲቀንስም መልሶ ያበራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጢሱ የሚሰጠው ጣዕም፣ ሽታና መልክ ነው። ተዋህስያንን የሚገድለውና የኮሶን እጭ የሚያጠፋው ግን ሙቀቱ ነው። የቀረው ምክራችን ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሲመርጡ ምን ይመልከቱ?

አንደኛ፣ ቮልቱን። በአገራችን ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። 800 ዋት ተብሎ ለ120 ቮልት የተሠራ ማጠኛ በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር ቢገናኝ ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ማለትም ወደ 2,700 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይስባል፤ ወዲያው ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ዘመድዎ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ይንገሩት። ለአውሮፓ የተሠራው ለእኛ መብራት ይስማማል። የአሜሪካው ከሆነ ግን ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩም አቅም ከማጠኛው ዋት በላይ መሆን አለበት። ለሬዲዮ ወይም ለጸጉር ማድረቂያ የተገዛች ትንሽ ትራንስፎርመር ለሰዓታት የሚቆይ ሥራ አትችልም።

ሁለተኛ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውን። ሙቀቱን በቁጥር የሚያስመርጥ ማጠኛ «አነስተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ብቻ ከሚለው ይሻላል። ቁጥሩ በፋራናይት ይሁን በሴንቲግሬድ አስቀድመው ይወቁ። በፋራናይት ከሆነ 225 ማለት 107፣ 250 ማለት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህንኑ በወረቀት ጽፈው በበሩ ላይ ቢለጥፉት ሠራተኛዋም ልጆችም አይሳሳቱም።

ሦስተኛ፣ አሠራሩን። በሩ ሲዘጋ ግጥም የሚል፣ የእንጨቱ ሳህን ትልቁ በር ሳይከፈት ከውጭ የሚሞላ፣ የስብ መቀበያውም ወጥቶ የሚታጠብ ቢሆን ይመረጣል። ስፋቱን ከቤተሰብዎ ቁጥር ጋር ያመዛዝኑ። ለስድስት ሰው ሁለት ወይም ሦስት መደርደሪያ ይበቃል።

የመብራት ወጪው ያሳስብዎት ይሆናል። 800 ዋት የሚስብ ማጠኛ ለአምስት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንጻሩ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መስመር ላይ አይሰኩ።

የት ይቀመጥ?

መልሱ አንድ ነው፤ ከቤት ውጭ። በማዕድ ቤት፣ በተዘጋ በረንዳ ወይም በጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይለኩሱት። በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ጢሱ ገር ነው ብለው አይታለሉ። የሚቃጠለው እንጨት እንደ ከሰል ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ አየር ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ታሪክ ያልሰማ የለም። ማጠኛው ደልዳላ በሆነ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከተሰጣ ልብስ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ዝናብ እንዲነካው አይተዉት። ገመዱም ሰው በሚመላለስበት መንገድ አይዘርጋ፤ ሕፃን ይጠልፋል።

እንጨቱ

በውጭ አገር የሚመረጡት የኦክ፣ የፖምና የቼሪ ዛፍ እንጨቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ለዚህ ሥራ የሚስማማው ያው የእናቶቻችን ወይራ ነው። የደረቀ ወይራ በጣት ልክ ተሰባብሮ አንድ ወይም ሁለት እፍኝ ቢሆን ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ጥድና ባሕር ዛፍ ግን አይሆኑም፤ ሙጫቸውና ዘይታቸው ጥቀርሻ ያበዛል፣ ሥጋውንም ያመርረዋል። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ የሣጥን ስባሪ፣ ኮምፔንሳቶና ለምስጥ መከላከያ መድኃኒት የተቀባ ጣውላ መርዝነት ስላላቸው በምንም ምክንያት አይጠቀሙባቸው። ጥሩ ጢስ ስስና ሰማያዊ መሰል ነው። ጢሱ ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ እንጨቱ በዝቷል ወይም አየር አጥቷል ማለት ነው፤ የላይኛውን ቀዳዳ ከፈት ያድርጉት።

አጠቃቀሙ

አዲሱን ማጠኛ መጀመሪያ ባዶውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያግሉት፤ ከፋብሪካው የቀረበት ዘይት ተቃጥሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዶሮ ለማጠን ቢፈልጉ እንዲህ ያድርጉ።

በረዶ የሠራ ሥጋ ከሆነ በማቀዝቀዣ ውስጥ ፈጽሞ እስኪቀልጥ ይጠብቁ። እንደ ልማድዎ በሎሚና በጨው ካጸዱት በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ያህል ጨው በጥብጠው ዶሮውን ለጥቂት ሰዓታት በማቀዝቀዣ ውስጥ ይዘፍዝፉት። አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ እርጥብ ሥጋ ጢስ በደንብ አይቀበልም። ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ በርበሬና ጥቂት ቅቤ ቢቀቡት ጣዕሙ የቤታችን ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ ዶሮው በብልት ቢከፋፈል ይሻላል፤ ቶሎና እኩል ይበስላል።

ምግቡ ከመግባቱ በፊት ማጠኛው 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይድረስ። ብልቶቹን ሳይነባበሩ ደርድረው በሩን ይዝጉ። በየጊዜው እየከፈቱ አይመልከቱ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሥራውም ይረዝማል። እንደ ሥጋው ውፍረት ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን ዳኛው ሰዓት አይደለም፣ መልኩም አይደለም። ዳኛው ሥጋው ውስጥ የሚሰካ የሙቀት መለኪያ ነው። ከማጠኛው ጋር ባይመጣ እንኳ ለብቻው ይገዛል። ጫፉ አጥንት ሳይነካ ወፍራሙ ቦታ ላይ ይሰካ። ዶሮ 74፣ የተፈጨ ሥጋ 71፣ ሙሉ የበሬ ወይም የበግ ሥጋና ዓሣ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርሱ አይወጡም። የበሬውና የበጉ ሥጋ ከወጣ በኋላም ሳይቆረጥ ሦስት ደቂቃ ይረፍ።

መለኪያዎ ትክክል መሆኑን ለማወቅ በረዶና ውሃ በተቀላቀሉበት ብርጭቆ ውስጥ ያስገቡት፤ ዜሮ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ የሚፈትኑ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አይርሱ። «መለኪያው ተበላሽቷል» ብለው እንዳይጥሉት።

ሲጨርሱ ሶኬቱን ነቅለው፣ ሲቀዘቅዝ መደርደሪያዎቹንና የስብ መቀበያውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። የተጠራቀመ ስብ እሳት ይጭራል። እሳት ቢነሣ በሩን ዘግተው ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ፤ ውሃ ግን አያፍሱበት።

መብራት ቢጠፋስ?

ይህ ጥያቄ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ አይገኝ ይሆናል፤ ለእኛ ግን ዋና ጥያቄ ነው። ተዋህስያን በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ሥጋው ገና ካልበሰለ «ይመጣል» እያሉ አይጠብቁ። ወዲያውኑ አውጥተው በጋዝ ወይም በከሰል ምድጃ ላይ ያብስሉት። ጢሱን አስቀድሞ ስለጠጣ ጣዕሙ አይቀርበትም፤ ግሩም የዶሮ ጥብስ ይወጣዋል። ለብ ባለ ሣጥን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ጥሬ ሥጋ ግን ቢጣል ይሻላል። የዶሮ ዋጋ ከሕክምና ዋጋ አይበልጥም።

ቋንጣ አይደለም

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቋንጣ የሚቆየው ውሃው ደርቆ ስላለቀ ነው። በማጠኛ የበሰለ ሥጋ ግን ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ጢስ ስለሸተተ ብቻ አይቆይም። በተመጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥም ይበላ። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት በአንድ ማዕድ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ያዘጋጁ።

መጠኑንም እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2015 እ.ኤ.አ. በጨው፣ በጢስና በመሳሰለው የተዘጋጀ ሥጋን አዘውትሮ መብላት የአንጀት ካንሰር እንደሚያስከትል አስታውቋል። ስለዚህ የታጠነ ሥጋ የእንግዳና የበዓል እንጂ የዘወትር ምግብ አይሁን። ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ ሳይበስል በቀዝቃዛ ጢስ ብቻ የተዘጋጀ ዓሣ ከመብላት ይቆጠቡ፤ ጽንሱን የሚጎዳ ተዋህስ ሊኖርበት ይችላል።

ጎረቤታችን ልጆቻቸው ከዳኑ በኋላ ማጠኛውን ሊሸጡት ነበር። ኋላ ግን የሥጋ መለኪያ ገዙ፣ የፋራናይቱንም ቁጥር ወደ ሴንቲግሬድ መልሰው በሩ ላይ ለጠፉ። ባለፈው ፋሲካ ከዚያው ማጠኛ የወጣ የበግ ሥጋ ቀምሰናል፤ የወይራው ሽታ የልጅነታችንን የእርጎ ቅል አስታወሰን። እመቤቲቱም መለኪያውን ሳያዩ ቢላ አላነሡም።

ውድ አንባብያን፤ አባቶች «እሳት ካየው ምን ለየው» ያሉት እውነት ነው። እርስዎ ግን ከምሶቡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ይህ ምግብ እሳት አይቷል ወይስ ጢስ ብቻ?