ውሻ ይዞ ጭላሎ ለሚወጣ፦ ከቀይ ቀበሮ ጋር ትውውቅ

ከአሰላ ተነስቶ ወደ ጭላሎ የሚወጣ ሰው የገብስ ማሳውን አልፎ፣ አስታውን ተሻግሮ፣ ጓሳና ጅብራ ወደሸፈነው ውርጫማ ሜዳ ሲደርስ የቀይ ቀበሮ አገር ገብቷል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም የለም፤ በሕይወት ያሉት አዋቂዎችም ከ500 አይበልጡም። ዋነኛ ምግቡ አይጥ ነው። ጉድጓድ አጠገብ ሆዱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል፤ አይጧ ብቅ ስትል ዘሎ ይይዛታል። በግ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እምብዛም ነው። እሱን የሚያሰጋው ግን ከእረኛና ከመንገደኛ ኋላ ተከትሎ የሚወጣው ያልተከተበ ውሻ ነው።

ውሻና ቀይ ቀበሮ የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ የእብድ ውሻ በሽታም ሆነ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። ቀይ ቀበሮ አደን የሚወጣው ለብቻው ነው፤ የሚኖረው ግን በቤተሰብ ነው። ጧትና ማታ አባላቱ ተሰባስበው አፍ ለአፍ እየተላላሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ቡችሎቹንም በጋራ ይመግባሉ። ስለዚህ አንዱ ሲነከስ በሽታው ለመላው ቤተሰብ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በባሌ ዌብ ሸለቆ የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በአካባቢው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን በወራት ውስጥ ፈጅቷል። የአርሲ ተራሮች ቀበሮዎች ቁጥር ደግሞ ከባሌ ስለሚያንስ እንዲህ ያለ ጉዳት ቢደርስባቸው ማገገም ይከብዳቸዋል።

መፍትሔው ውሻን ማሰር ነው ሲባል «ውሻ ታስሮ እንዴት ከብት ይጠብቃል? ጅቡንስ ማን ያባርራል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ደገኛውን ውሻህን ተው ማለት አይቻልም፤ የሚያስፈልገው ውሻውን ማስከተብና በየሜዳው ጥንብ ፍለጋ እንዳይዞር ቤቱ መመገብ ነው። ለእግር ጉዞ የሚወጣ ሰው ግን ከጅብ የሚጠብቀው መንጋ ስለሌለው ውሻውን በገመድ ለመያዝ የሚከለክለው ነገር የለም። «ቀበሮዎቹን ራሳቸውን ብንከትብስ?» ለሚሉም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በባሌ የፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ይሰጣቸዋል፤ ሥራው ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ሆኖም ክትባቱ የእብድ ውሻ በሽታን እንጂ ዲስቴምፐርን አይከላከልም፤ ምንጩ ካልተዘጋም በሽታው ከመንደር እየተመላለሰ ይወጣል።

ምንጩን መዝጋት ደግሞ ለሰውም ይጠቅማል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ በብዛት የሚነከሱትም ልጆች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ የአሰላና የዙሪያዋ ነዋሪ ውሻውን ሲያስከትብ ልጁንም ቀበሮውንም ይጠብቃል፤ ሁለቱን የሚያጠቃው በሽታ አንድ ነውና። ወደ ተራራው የሚወጣ ውሻ ሁሉ የተከተበ ይሁን፤ መንጋ የማይጠብቀው ደግሞ ይታሰር።