ቅንጨ አረምን በደቦ ስለ ማጥፋትና መሬቱን ወደ አገሩ ሣር ስለ መመለስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፥ በጌዶና በእጃጂ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው መንገድ ገበያተኛው የማያውቀውን ጭነት ጭምር ያመላልሳል። ይኸውም በመኪና ጎማና በእህል ጆንያ ተጣብቆ የሚጓዘው የቅንጨ አረም ዘር ነው። ስለዚህ የእጃጂና የአካባቢው ሹማምንት አረሙን አስቀድመው በመንገድ ዳርና በገበያ ሜዳ ሊፈልጉት ይገባል።

ይህ አረም ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን፥ በኢትዮጵያ የታወቀው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1970ዎቹ በምሥራቅ በኩል ነው። የሐረርጌ ገበሬ ፈረምሲሳ ብሎታል፤ መሬት አስፈርሞ የሚያስለቅቅ ለማለት ነው። ስሙም በከንቱ አልወጣም። አንድ ትልቅ ተክል ከ10,000 የበለጠ ዘር ያፈራል፤ ከብት ቢበላው ወተቱ ይመራል፤ በሚነካውም ሰው ላይ ሽፍታና አስም ያስነሣል።

በአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ቅጠሉን የሚበላ ጢንዚዛ ከደቡብ አፍሪቃ መጥቶ በተዘጋ ቤት ተመርምሯል። ኑግ የቅንጨ አረም ዘመድ ነውና፥ ዋናው ጥያቄ ኑግን ይጎዳ እንደ ሆነ ነበር፤ እንደማይጎዳ ከታወቀ በኋላ ተለቀቀ። ሆኖም የሰው እጅ ገና አልቀረም።

ሕዝቡን የሚያሰልፍ ሹም የደቦን ሥርዓት ያስተውል። በደቦ ባለማሳው ሠራተኛውን ያበላል፥ ያጠጣል፥ ብድሩንም በጉልበቱ ይመልሳል። የመንገድ ዳር ግን ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ ሰው አንድ ቀን ወጥቶ በማግስቱ ይቀራል። የሚሻለው ከሽማግሌዎች ጋራ ተመካክሮ ዳሩን ለየመንደሩ ማካፈልና፥ ከአረሙ በኋላ የሚበቅለውን ሣር ያጸዳው መንደር እንዲያጭድ መፍቀድ ነው።

አረሙ ከበቀለ ከአንድ ወር ብዙም ሳይርቅ ያብባል። እንግዲህ ክረምቱ እንደ ገባ፥ ዐፈሩ እርጥብ፥ ቅጠሉም እንደ ካሮት ቅጠል ተተልትሎ በመሬት ላይ እንደ ተነጠፈ ከነሥሩ ይነቀል። ዘር የያዘውን እየጎተቱ መውሰድ መዝራት ነው። ነቃዮች እጃቸውን ይሸፍኑ፤ ሕፃናትንና አስም ያለባቸውን ማራቅ የሹሙ ግዴታ ነው።

ባዶ የቀረ መሬት ለአረሙ ይመለሳልና፥ በዚያው ሳምንት ሰርዶ ይተከልበት፤ ከመንገዱ ራቅ ባለው ስፍራ ዋንዛና ብሳና ይከተሉ። ሕዝቡ ገንዘብ ያመጣል ብሎ ባሕር ዛፍ ይጠይቅ ይሆናል፤ በሥሩ ግን ሣር አይደላውም። ዘሩ በዐፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ ያው መንደር በአራተኛው ሳምንት፥ ደግሞም በሚቀጥሉት ክረምቶች፥ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ አዲስ የበቀለውን ይነቅላል።